ተራው የማን ነው? የቼዝ ኤንድጌም (የጨዋታ መጨረሻ) ልምምድ ማስታወሻ ከጅማ

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ዛሬ አልተሸነፍኩም። አቻ ወጣሁ። ግን እንዲህ ያለው አቻ ከሽንፈት ይብሳል።

ቦታው ፈረንጅ አራዳ፣ ጀበና ቡናው ጋ ነው። እሑድ ከሰዓት የምንሰበሰበው እዚያ ነው። ተጋጣሚዬ ባጃጅ ነጂው። ሲጫወት አንድ ዓይኑ ሁሌ ባጃጁ ላይ ነው፤ ተሳፋሪ ከመጣ ጨዋታውን ጥሎ ይነሳል። እሱን ነው ማሸነፍ ያቃተኝ። ለእኔ ንጉሥ፣ ሩክ (በቀጥታ የሚሄደው ግንብ) እና አንድ ወታደር ቀርቶኛል። ለእሱ ንጉሥና ሩክ ብቻ። ወታደሬ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ደርሷል፤ ንግሥት ሊሆን አንድ ቤት ነው የቀረው። ችግሩ የገዛ ንጉሤ ከፊቱ ተገትሯል። ንጉሡ ሲወጣ በሩክ ቼክ፣ ማለትም ንጉሡ ላይ ጥቃት። ሲሸሽ ቼክ። ሲመለስ ቼክ። ያው አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ተደገመና አቻ ተባለ።

«ወንድሜ፣ ቡናህ ቀዘቀዘ» አለኝ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ። ከበው የሚያዩት ሁሉ ሳቁ።

ማታ ሱቅ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ሥራዬ ስልክ ጥገና ነው። ጨዋታዎቼን የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ደብተር ካጣሁ ደረሰኝ ጀርባ ላይም ቢሆን እጽፋለሁ። የመጨረሻዎቹን 30 ቆጠርኩ። 19ኙ ጥቂት ቁራጭ እስኪቀር ደርሰዋል። ከነሱ በ12ቱ እበልጥ ነበር። ያሸነፍኩት ግን 4ቱን ብቻ ነው። 8 ጨዋታ እጄ ከገባ በኋላ አምልጦኛል ማለት ነው።

ወሰንኩ። እስከ ገና ድረስ ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) አላይም። በየማታው ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ መጨረሻውን ብቻ።

ጥቅምት 5

ዕቃ ማዘጋጀት። የስልክ ካርቶን በሽ ነው፤ በመቀስ ቆርጬ ካርድ አወጣሁለት። ከፊት አቀማመጡን እስላለሁ፣ ከጀርባ መልሱን እጽፋለሁ።

ሰሌዳው የቆየ ነው፤ ጥቁርና ነጩ በማርከር የተቀባ። አንዱ ጥቁር ሩክ ከጠፋ ዓመት አልፎታል፣ በቦታው የሬዲዮ ድንጋይ ቆሟል። ለጠፋው ነጭ ጳጳስ የለስላሳ ቆርኪ ተተክቷል። ቆርኪው ሲንሸራተት ድምፅ ስለሚያወጣ ጳጳሱ መንቀሳቀሱ ከሩቅ ይሰማል። ተቀማጩ እኔ ነኝ፤ መቀመጫው ደግሞ ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ። ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳልቀመጥ የሚያስገድደኝም እሱ ነው።

ስልኬ ላይ ሊቼስ የሚባል የቼዝ መተግበሪያ አለ። በነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። የፈለግኩትን አቀማመጥ ደርድሬ ከማሽኑ ጋር መጫወት እችላለሁ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ሁለቱን ንጉሦች ጨምሮ ሰሌዳው ላይ ሰባት ቁራጭ ወይም ከዚያ በታች ከቀረ፣ መልሱ ሙሉ በሙሉ ተሰልቶ ተቀምጧል። ሊቼስ የሚጠቀምበት የሰባት ቁራጭ ስሌት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው ያለቀው። ማሽኑ እዚያ ላይ አያስብም፣ ያውቃል። አቻ ካለ አቻ ነው። ክርክር የለም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ጋሼ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ድሮ ጥሩ ተጫዋች እንደነበሩ ሰፈሩ ያወራል። አሁን በረንዳቸው ላይ ሬዲዮ ይሰማሉ።

ዕቅዴን ነገርኳቸው። ካርዶቼን አገላብጠው አዩና ወደ ጎን አደረጓቸው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ብቻ አስቀመጡ። ነጩ ንጉሥ ኢ1 (ፊደሉ ዓምዱ፣ ቁጥሩ ረድፉ ነው)፣ ነጩ ወታደር ኢ2፣ ጥቁሩ ንጉሥ ኢ8። ሁሉም በትውልድ ቦታው።

«ነጩ ያንተ ነው። ተራውም ያንተ ነው። አሸንፈኝ።»

ወታደሬን ሁለት ቤት አስፈነጠርኩት፣ ኢ4። ጋሼ ንጉሣቸውን ወደ ኢ7። እኔ ኢ2፣ እሳቸው ኢ6። እኔ ኢ3፣ እሳቸው ኢ5። ንጉሣቸው ወታደሬ ፊት ቁጭ አለ። በጎን ልዞር ስል ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ በየትኛው ጎን ብመጣ ተመልሰው ፊቴ ይቆማሉ። መጨረሻ ላይ የሚሄዱበት ቤት አጡ፣ ቼክም አልነበሩም። ስቴልሜት። አቻ።

አምስት ጊዜ ሞከርኩ። አምስት ጊዜ አቻ።

«ለምንድነው ወታደሩን የምታስቀድመው?»

«ንግሥት እንዲሆን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ልጅህን ብቻውን ገበያ ትልካለህ?»

ስድስተኛው ላይ ቦታ ተቀያየርን። እሳቸው ወታደሩን አልነኩትም። ንጉሡን ኤፍ2፣ ከዚያ ኢ3፣ ከዚያ ኢ4 አደረሱት። ወታደሩ ገና ኢ2 ላይ ተኝቷል። የእኔ ንጉሥ ኢ6 ላይ ደርሶ ተፋጠጡ፤ ተራው ደግሞ የእኔ ነው። ወደ ግራ ብሄድ በቀኝ ያልፉኛል። ወደ ቀኝ ብሄድ በግራ። ባልንቀሳቀስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አይቻልም።

ዕድሜዬን ሙሉ ንጉሥ የሚደበቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ካስል ታደርገዋለህ፣ ጥግ ታስቀምጠዋለህ፣ ትረሳዋለህ። ንግሥቶቹ ከሄዱ በኋላ ግን የሚፈራው ነገር ቀንሷል። ሜዳ ወጥቶ መሥራት አለበት። ይህን በቃል አውቀዋለሁ ብል ኖሮ ማንም ያምነኝ ነበር። እጄ ግን አያውቀውም ነበር።

ጥቅምት 13

ፍጥጫው ስም አለው፣ ኦፖዚሽን። ሁለት ንጉሦች በመሃላቸው አንድ ቤት አድርገው ሲተያዩ፣ መንቀሳቀስ ያለበት ሰው ተጎጂ ነው። ሁለት ካርድ ሠራሁለት።

ካርድ 4፦ ነጩ ንጉሥ ኢ4፣ ወታደሩ ኢ3፣ ጥቁሩ ንጉሥ ኢ6። ተራው የጥቁሩ ከሆነ ነጩ ያሸንፋል። ተራው የነጩ ከሆነ አቻ።

ካርድ 5፦ ያው ነው፣ ወታደሩ ብቻ ኢ2 ላይ ነው። እዚህ ተራው የማንም ቢሆን ነጩ ያሸንፋል። ተራው የነጩ ከሆነ ወታደሩን አንድ ቤት ገፋ ያደርግና ተራውን ያስረክባል።

በሁለቱ ካርዶች መሃል ያለው ልዩነት አንዲት ቤት ናት። ጋሼ ይህቺን እርምጃ «መጠባበቂያ» ይሏታል። ወታደሩን ቶሎ ቶሎ የሚገፋ ሰው መጠባበቂያውን በልቶ ጨርሶ ነው ወደ ፍጥጫው የሚገባው። እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ጥቅምት 20

ከዛሬ ጀምሮ ካርዶቹን ካነሳሁ በኋላ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ ተራው የማን ነው? ስልክ ሲመጣልኝም እንዲሁ ነው። ስክሪኑን ከመክፈቴ በፊት ባትሪው አለ ወይ ብዬ ነው የማየው።

ለዚህ ጥያቄ ዳኛው ዙግዝዋንግ ነው። ቃሉ የጀርመን ነው። የመራመድ ግዴታ ራሱ የሚጎዳህ ሁኔታ ማለት ነው። ዳማ የሚጫወት ሰው ያለ ስም ያውቀዋል።

ጋሼ ዛሬ ያሳዩኝን ለመሳል ሁለት ካርድ አበላሽቻለሁ። ነጩ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደሮቹ ኤ5 እና ሲ6። ጥቁሩ ንጉሥ ሲ8፣ ወታደሩ ኤ6። ተራው የነጩ ነው። ቸኩሎ ዲ6 ከገባ ጥቁሩ ዲ8 ይቆማል፤ ከዚያ ወታደሩ ሲገፋ መጨረሻው ስቴልሜት ነው። ሲ5 ከገባም ጥቁሩ ሲ7 ላይ ይዘጋዋል። ይህ ሁሉ ተራው የጥቁሩ ቢሆን ኖሮ አይኖርም ነበር። ታዲያ ተራን እንዴት ትሰጣለህ? በቼዝ ማለፍ የለም።

ጋሼ ንጉሡን ወደ ሲ4 መለሱት። ወደ ኋላ! ጥቁሩ ዲ8 ሄደ። ንጉሡ ዲ4። ጥቁሩ ወደ ሲ8 ተመለሰ። ንጉሡ ዲ5። ሰሌዳው መጀመሪያ የነበረው ነው፣ ቁራጭ አልተበላም፣ ወታደር አልተገፋም። ግን ተራው አሁን የጥቁሩ ሆኗል። ነጩ በሦስት እርምጃ፣ ጥቁሩ በሁለት እርምጃ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ጥቁሩ በሦስት እርምጃ እንዳይመለስ ወታደሮቹ ቦታ አጥብበውበታል።

«ሦስት ማዕዘን» አሉ ጋሼ፣ አርባ ዓመት ያስተማሩትን ነገር ድንገት መንገድ ላይ እንዳገኙት ሰው ደስ ብሏቸው።

እግረ መንገዳቸውን ስለ ድሮው ሰንጠረዥ፣ ስለ አገራችን ቼዝ፣ አጫወቱኝ። በእኛ አገር ሰንጠረዥ መጀመሪያው ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል፣ እንዳሻቸው ቁራጮቻቸውን ያሰልፋሉ። ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ቁራጭ ሲበላ ነው። «አንተ እስከ መጨረሻው ወረራ ላይ ነህ» አሉኝ። አልተከራከርኩም።

ኅዳር 2

አሥር ቀን ምንም አልሠራሁም። የቡና ለቀማ ሰሞን ነው። ቡና ሲሸጥ ስልክም ይገዛል፣ የተሰበረውም ይጠገናል። ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ ስክሪን እቀይራለሁ። ቤት ስገባ ዓይኔ ጥቁርና ነጭ ቤት መለየት አይችልም።

ኅዳር 5

ያቺን የጥቅምት 2 ጨዋታ ዛሬ አገኘኋት። ሉሴና ትባላለች።

አቀማመጡ ይህ ነው። ነጩ ንጉሥ ጂ8፣ ወታደሩ ጂ7፣ ሩኩ ኤፍ1። ጥቁሩ ንጉሥ ኢ7፣ ሩኩ ኤች2። የጥቁሩ ሩክ የኤች ዓምድን ዘግቷል። መጀመሪያ በሩክ ኢ1 ላይ ቼክ፤ ጥቁሩ ንጉሥ ዲ7 ይሄዳል። እስከዚህ እኔም ደርሼ ነበር። ቀጥሎ የነበረብኝ እርምጃ ግን ቢገድሉኝ የማላስበው ነው። ሩኩን ወደ ኢ4። ቼክ የለውም፣ የሚበላው ነገር የለም። መሃል ሜዳ ላይ ዝም ብሎ መቆም።

ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይታያል። ጥቁሩ ጊዜ ለመግደል ሩኩን ኤች1 ላይ ያደርጋል። ንጉሤ ኤፍ7 ይወጣል። ቼክ ከኤፍ1። ጂ6። ቼክ ከጂ1። ኤፍ6። ቼክ ከኤፍ1። ጂ5። ቼክ ከጂ1። አሁን ሩኬ ከኢ4 ወደ ጂ4 ገብቶ ንጉሡን ይከልለዋል። ቼክ አለቀ። ወታደሩ ይነግሣል። ከአምስት እርምጃ በፊት የቆመው ሩክ ለዚህች ሰዓት ነው የቆመው። ይህን «ድልድይ መሥራት» ይሉታል።

ሰላሳ ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። መብራት ሄዶ በስልክ ባትሪ ቀጠልኩ። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ ቁጥሩን ማሰብ ተውኩ፤ እጄ ራሱ ኢ4 ላይ ያቆመዋል።

አንድ አስቂኝ ነገር። ሉሴና በ1497 እ.ኤ.አ. የቼዝ መጽሐፍ ያሳተመ ስፔናዊ ነው። በስሙ የሚጠራው ይህ አቀማመጥ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። ሰውየው መጽሐፉ ውስጥ ባላስገባው ነገር ይመሰገናል።

ኅዳር 9

የሉሴና ተቃራኒ ፊሊዶር ነው። ያኛው የሚያሸንፍ ሰው ነው፣ ይኸኛው የሚያድን። ፊሊዶር የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ነው፤ እንጀራው ሙዚቃ መድረስ ነበር፣ ቼዙን ደግሞ በዘመኑ የሚተካከለው አልነበረም።

ዘዴው ለሰነፍ የተሠራ ይመስላል። የእኔ ንጉሥ ኢ8 ላይ፣ የእሱ ወታደር ኢ5፣ ንጉሡ ዲ5። ሩኬን ስድስተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጬ ከጎን ወደ ጎን እመላለሳለሁ። ንጉሡ ወደ ፊት ማለፍ አይችልም። ወታደሩን ኢ6 ላይ ሲገፋ ብቻ፣ ያኔ ሩኬን ወደ አንደኛው ረድፍ አወርዳለሁ፤ ከኋላ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ። ወታደሩ ራሱ ስድስተኛውን ረድፍ ስለያዘው ንጉሡ የሚጠለልበት የለውም። ቀድሜ ከወረድኩ እጠፋለሁ። ወታደሩ ሳይገፋ መውረድ የለም። እዚህም ተራ ነው ጉዳዩ።

ዛሬ ከሰዓት በባጃጅ ነጂው ላይ ተጠቀምኩበት። ሃያ እርምጃ ያህል ገፋኝ። እኔ ሩኬን ግራ ቀኝ አመላልሳለሁ። «ምን ትሠራለህ አንተ?» አለኝ። አቻ ወጣን። ይህኛው አቻ ይጣፍጣል።

ኅዳር 16

ውርደት። ከነሙሉ ዝርዝሩ እጽፈዋለሁ፣ እንዳልረሳው።

ቡና የምታፈላልን እህታችን ልጅ አላት፣ ዘጠነኛ ክፍል። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ መጥታ ትቀመጣለች። ዛሬ «ጋሼ፣ አንዴ ልጫወትህ?» አለችኝ። እኔን ጋሼ! ተጫወትን። መጨረሻ ላይ ጳጳስና ሁለት ወታደር ቀረኝ፣ ጂ እና ኤች ላይ። ለእሷ ፈረስ ብቻ። ጳጳሴ ያቺ ቆርኪ ናት፣ በነጭ ቤት የምትሄደው።

ልጅቷ ፈረሷን አንስታ የጂውን ወታደር በላችበት። ፈረሷን በላሁ። በልቤ «አይ ልጅነት» አልኩ። ጳጳስና ወታደር ከባዶ ንጉሥ ጋር! ንጉሷን ይዛ ወደ ኤች8 ሄደችና ቁጭ አለች። ከዚያ ጂ8። ከዚያ ኤች8። ቆርኪዬ ሽው ሽው ትላለች፤ ኤች8 ግን ጥቁር ቤት ነው። ጳጳሴ ዕድሜ ልኩን አይረግጠውም። ከጥጓ የሚያስወጣት ነገር የለም። ባስጨንቃት ስቴልሜት።

«ይኼኛው አቻ ነው አይደል?» አለች፣ በትሕትና። አውቃው ነው የመጣችው።

የጥግ ወታደር ካለህ ጳጳስህ የመንገሻውን ቤት ቀለም መርገጥ አለበት። ካርድ 14፣ በቀይ እስክሪብቶ። የሚነደኝ ደግሞ ፈረሷን ሳልበላ ሌላውን ወታደር መጠበቅ የምችልበት ጊዜ ሁለት እርምጃ ቀደም ብሎ ነበረ። ነጻ ዕቃ ሳይ እጄ አይታዘዝም።

ኅዳር 22

አጭር። ንግሥት ከሰባተኛ ረድፍ ወታደር ጋር። ንጉሤ ሩቅ ከሆነ፣ ወታደሩን የራሱ ንጉሥ ከደገፈው፣ በቢ፣ ዲ፣ ኢ እና ጂ ዓምድ ላይ ንግሥቷ ታሸንፋለች። በኤ፣ ሲ፣ ኤፍ እና ኤች ላይ አቻ ነው፣ በስቴልሜት ወጥመድ የተነሳ። አንድ ካርድ፣ አንድ ማታ። በቃ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ጋሼ ዛሬ «ይህን ለመማር ሳይሆን ለመደሰት ነው» ብለው አራት ቁራጭ አስቀመጡ። ነጩ ንጉሥ ኤች8፣ ወታደሩ ሲ6። ጥቁሩ ንጉሥ ኤ6፣ ወታደሩ ኤች5። ተራው የነጩ። አቻ አውጣ።

የማይሆን ነገር ነው። የጥቁሩን ወታደር ለመያዝ ንጉሤ ሁለት እርምጃ ይዘገያል። የራሴን ወታደር ጥቁሩ ንጉሥ አፍንጫው ሥር አግኝቶታል። አሥር ደቂቃ አፍጥጬ «ተሸንፌያለሁ» አልኩ።

ጋሼ ንጉሡን ጂ7 አደረጉት። ወታደሩ ወደ ኤች4 ሮጠ። ንጉሡ ኤፍ6። በሰያፍ ነው የሚሄደው፣ ወደ ሁለቱም ወታደሮች በአንድ ጊዜ። ጥቁሩ ወታደሩን ከቀጠለ ነጩ ኢ7 ገብቶ የራሱን ያነግሣል፤ ሁለቱም ንግሥት ያወጣሉ። ጥቁሩ ቢ6 ብሎ ወታደሬን ልብላ ካለ ነጩ ኢ5 ይገባል፤ ሲበላው ኤፍ4 ላይ ሆኖ የጥቁሩን ወታደር ይደርስበታል። ሁለት ጉዳይ በአንድ መንገድ። በወረቀት ላይ ሰያፍ ይረዝማል። በቼዝ ሰሌዳ ላይ ግን ለንጉሥ ሰያፉም ቀጥታውም በእርምጃ እኩል ነው። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ለሒሳብ ትንሽ ያፈሩላት ይመስላሉ።

እንቆቅልሹ የሪቺ... አይደለም፣ የቼዝ ተጫዋቹ የሬቲ ነው፣ 1921 እ.ኤ.አ.። ያው ሬቲ ከሦስት ዓመት በኋላ ኒው ዮርክ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ካፓብላንካን አሸንፏል። ካፓብላንካ ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ አልተሸነፈም ነበር። ለመደሰት ነው ቢሉኝም ካርድ ሠራሁለት።

ታኅሣሥ 6

ያልተሳካውም ይጻፍ። በጳጳስና በፈረስ ማት ማድረግ፣ ማለትም ቼክ የተባለውን ንጉሥ መውጫ ማሳጣት። ባዶውን ንጉሥ ጳጳሱ በሚረግጠው ቀለም ጥግ ላይ ነው ማስገባት የሚቻለው። ሁሉም በትክክል ከሄደ ከክፉው አቀማመጥ እንኳ 33 እርምጃ ይበቃል፣ ሕጉ 50 ይሰጣል። እኔ ሦስት ማታ ሞክሬ ሦስቱንም 50ው አለቀብኝ። ንጉሡ ከተሳሳተው ጥግ ወደ ትክክለኛው ሲሸጋገር በመሃል ያመልጠኛል። ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ፈረንጅ አራዳ ላይ ይህ ሲደርስ አይቼ አላውቅም። የሩክ ኤንድጌም ግን በየሳምንቱ ይደርሳል፤ ጊዜዬን እዚያ ላይ ባውል ይሻላል።

ትዕግሥት ደግሞ በካርድ አይመጣም። በ2021 እ.ኤ.አ. ዱባይ ላይ ካርልሰን ኔፖምኒያሺን ያሸነፈበት ስድስተኛው ጨዋታ 136 እርምጃ ወስዷል፤ በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ረጅሙ ነው። እኛ ጋ 40ኛው ላይ ሰው ማዛጋት ይጀምራል። ያለፈው እሑድማ ሰዓት ያደረግነው ስልክ በመሃል ጠራ፤ ደንበኛ ነው፣ «ስልኬ ደረሰ ወይ?» ስመለስ ምን አስቤ እንደነበር ጠፋኝ።

ታኅሣሥ 12

ባጃጅ ነጂው ካርዶቼን አየብኝ። «ለአንድ ሳምንት አውሰኝ፣ ተሳፋሪ ስጠብቅ አያለሁ» አለ። ከ1 እስከ 4 ያሉትን ሰጠሁት። 5ኛውን ፈልጌ አጣሁት፤ በኋላ ሳየው ከተሸጠ የስልክ ሽፋን ሥር ተሰክቷል።

ደብተሬን ቆጠርኩ። ከጥቅምት ወዲህ 26 ጨዋታ። በ11ዱ እየበለጥኩ ነው መጨረሻ የደረስኩት። 7ቱን አሸነፍኩ፣ 3ቱ አቻ፣ አንዱን ተሸነፍኩ። የተሸነፍኩት ተራዬ ሳይደርስ በልቤ ተራምጄ ስለነበር ነው። ስለዚያ ሌላ ቀን።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ዝናብ ጥሎ ቆመ። እህታችን ላስቲኩን ወጥራ ሁለተኛውን ጀበና ጥዳለች። ባጃጅ ነጂው ካርዶቹን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ መጣ፣ በላስቲክ አስሯቸው። ዛሬ ባጃጁን እንኳ ዞሮ አላየም።

ረጅም ጨዋታ ሆነ። መጨረሻ ላይ ለእኔ ንጉሥ ዲ3፣ ሩክ ኢ5፣ ወታደር ኢ2። ለእሱ ንጉሥና ያቺ የሬዲዮ ድንጋይ፣ ኤች4 ላይ ቆማ አራተኛውን ረድፍ ዘግታብኛለች። ንጉሡን ኤፍ6 አምጥቶ ሩኬን አስፈራራ።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ከሰሌዳው ሥር። ከዚያ ሩኬን ወደ ኢ4 መለስኩና ለመለዋወጥ አቀረብኩለት።

ፊቱ በራ። በድንጋዩ ሩኬን በላ። በንጉሤ በላሁት። ንጉሡን ኢ6 ላይ ጠቅ አድርጎ አስቀመጠና እጁን አጣጥፎ ወደ ኋላ ተደገፈ። ኢ4 እና ኢ6። ፍጥጫ።

«ተራው የማን ነው?» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«የእኔ።»

«አቻ ነዋ!» አለና ካርድ 4ን ከኪሱ አወጣ።

ወታደሬን ከኢ2 ወደ ኢ3 ገፋሁ።

ሰሌዳውን አየ። ካርዱን አየ። አሁን ሰሌዳው ቁርጥ ካርዱን ነው የሚመስለው። ንጉሡን በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ሆና ሳቋን አፈነች።

«ይኼ ካርዱ ላይ የለም» አለ።

«5ኛው ላይ አለ» አልኩት።

«አልሰጠኸኝማ!»

እውነቱን ነው። የቡናውን ከፈልኩለት፣ ካርድ 5ንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።